ቤት ለእንግዳ

«ቤቶች!» ብሎ ከደጅ ለሚጣራ ሰው ባለቤቱ ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ!» ብሎ መመለሱ በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ትርጓሜው ግን ሰፊ ነው። ቤት የሠራ ሰው ቤቱን የሠራው ለራሱና ለልጆቹ ብቻ እንዳልሆነ፥ ገና ላልመጣውና ስሙ ላልታወቀው ሰው ጭምር እንደ ሆነ ያስረዳል። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ለእንግዳ የተሠራ ቤት እንግዳውን በገንዘብ የሚቀበል በሆነ ጊዜ፥ ይኸውም ሆቴል በሆነ ጊዜ፥ ቤትነቱ ይቀራልን? ወይስ ስሙን ብቻ ለውጦ የቀድሞ ሥራውን ይቀጥላል?

ይህ የሥራ ፈቶች ጨዋታ አይደለም። በእምድብርና በዙሪያዋ ባለው በጉራጌ አገር የአባታቸውን ቤት ወርሰው ራሳቸው ግን በሩቅ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። አባትና እናት ካለፉ በኋላ ያ ቤት ምን ይሁን? ይፍረስን? ይሸጥን? ተዘግቶ ይቀመጥን? ወይስ ለመንገደኛ ይከፈትን? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ቤቱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

እምድብር በቸሃ ምድር የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያሉትን መንደሮች የሚያይ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው ቤቱን ሳይሆን በቤቶቹ ፊት ያለውን ሜዳ ነው። ጀፎረ የሚባለው ሰፊና ሣር የለበሰ ጎዳና በመንደሩ መካከል ይዘረጋል፤ ቤቶቹም በግራና በቀኝ ተሰልፈው ደጃቸውን ወደ እርሱ ያዞራሉ። ከቤቱ በስተጀርባ የእንሰቱ ተክል ይገኛል። ጀፎረ የአንድ ሰው ርስት አይደለም፥ የሁሉ ነው። ከብት ያልፍበታል፥ ሕፃናት ይጫወቱበታል፥ ሽማግሎች ለዕርቅና ለዳኝነት ይቀመጡበታል፥ ሙሽራ ይሸኝበታል፥ ሙትም ይለቀስበታል። አጥሩን ወደ ጀፎረ ለመግፋት የሚሞክር ሰው ቢኖር የአገሩ ባህላዊ ሥርዓት ይከለክለዋል። ስለዚህ በጉራጌ አገር የቤት ነገር የሚጀምረው ከደጅ ነው፤ ቤቱ የግል ሲሆን የቆመበት መስመር ግን የጋራ ነው።

ቤቱ ክብ ነው። ግድግዳው በቁሙ ከተተከለ ፍልጥ እንጨት ይሠራል፤ በመካከሉ ወፍራም ምሰሶ ይቆማል፤ ከምሰሶው ራስ ጀምሮ ወራጁ እንደ ጃንጥላ ዘንግ በዙሪያው ይወርዳል፤ በዚያም ላይ ወፍራም የሣር ክዳን ይደረባል። ሥራው የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እንጨቱን የሚያመጣ፥ የሚፈልጥ፥ የሚያስር፥ ሣሩን የሚያቀብልና የሚከድን ጎረቤት ካልተሰበሰበ እንዲህ ያለ ቤት አይቆምም። ዛሬ ለአንዱ የደከመ ሰው ነገ ለራሱ የሌላውን ድካም ያገኛል።

በቤቱ መካከል እሳት ይነዳል። ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ በሣሩ ውስጥ ያልፋል፤ ሲያልፍም ክዳኑን ያደርቀዋል፥ እንጨቱንም ከነቀዝ ይጠብቀዋል። በሌሊት ከብቶቹ በዚያው ጣሪያ ሥር በአንድ ወገን ይታሰራሉ፤ ሙቀታቸውም ለሰው ይተርፋል። በግድግዳው ላይ የሸክላውና የስፌቱ ዕቃ በሥርዓት ተደርድሮ ይታያል፤ በየዓመቱም ለመስቀል በዓል ቤቱ ይጠረጋል፥ ይለሰናል፥ ዕቃውም ይታደሳል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሊታሰቡ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፥ ክብ ቤት ማዕዘን የለውም፤ እንግዳን ከቤተሰብ ለይቶ የሚያስቀምጥ ጓዳ በቀላሉ አይወጣለትም። መንገደኛው ከጀፎረ ገብቶ ቤተሰቡ በሚሞቀው እሳት አጠገብ ይቀመጣል፤ እንግዳን የሚያቀርበው የባለቤቱ ቸርነት ብቻ ሳይሆን የቤቱም ቅርጽ ነው። ሁለተኛው፥ ይህ ቤት በሕይወት የሚኖረው ሰው ሲኖርበት ነው። የድንጋይ ግንብ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ መቶ ዓመት ባዶውን ሊቆም ይችላል። የሣር ቤት ግን እሳቱ ከጠፋ ክዳኑ ይረጥባል፥ ክዳኑ ከበሰበሰ ምሰሶው ይበሰብሳል። ስለዚህ «ቤቱ እንዳለ ይቀመጥ፥ አይነካ» የሚል ወራሽ ቤቱን ያከበረ ይመስለዋል እንጂ የሞቱን ቀን መቍጠሩ ነው።

እንግዲህ ወደ እንግዳው ነገር እንመለስ ቢባል፥ በቀድሞ ዘመን በአገር ቤት እንግዳን በዋጋ ማሳደር የሚታሰብ ነገር አልነበረም። «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ለቆመ ሰው በር ይከፈታል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ መመስገን ይገባዋል። ነገር ግን ምስጋናው እውነት እንዲሆን አንድ ነገር መጨመር አለበት። ያለ ዋጋ የተበላው ቆጮ ያለ ዋጋ የተሠራ አልነበረም። እንሰቱ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይጠበቃል፤ ከደረሰም በኋላ የሚፍቁት፥ በጕድጓድ የሚቀብሩት፥ የሚጨምቁትና የሚጋግሩት ሴቶች ናቸው። ባለቤቱ በደጅ «ቤት ለእንግዳ!» ሲል ቃሉን በሥራ የምትፈጽመው በጓሮ ያለችው እናት ነበረች። የቸርነት ስም ለእርሱ፥ ድካሙ ለእርሷ ይሆን ነበር። ስለዚህ ዋጋ በመጣ ጊዜ ቸርነት ሁሉ ጠፋ ብሎ የሚያዝን ሰው፥ አስቀድሞ ዋጋውን ማን ይከፍል እንደ ነበር ይጠይቅ።

በኢትዮጵያ ሆቴል የሚባለው ነገር ስሙን ያገነነው በአዲስ አበባ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ያሠሩት ሆቴል እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ሆቴሉ በተከፈተ ጊዜ ሰው ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር መስሎት ይሸሽ እንደ ነበር፥ ዐፄ ምኒልክም መኳንንቶቻቸውን እያስከተሉ በልተው እየከፈሉ ሰውን እንዳስለመዱ ሲነገር ኖሯል። ይህ ወግ የዘመኑን ሰው ልብ ያሳያል። ሰዎቹ ያፈሩት ስስታሞች ስለ ነበሩ አይደለም፤ እንጀራን መሸጥ እንግዳነትን መሸጥ መስሎ ስለ ታያቸው ነው እንጂ። የሆቴሉም ዕድሜ ቀላል አልነበረም፤ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በደረሰበት የእሳት አደጋ ከፊሉ ተቃጥሏል። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው እንደ ራሱ ቤት ቃጠሎ ማዘኑ፥ በዋጋ የሚያሳድር ቤትም ቢሆን በሰው ልብ ውስጥ ቤት ሊሆን እንደሚችል ምስክር ነው።

በእርግጥም ዋጋ መቀበል ብቻውን እንግዳ ተቀባይነትን አያረክስም። በወንጌል ስለ ደጉ ሳምራዊ የሚነገረውን ምሳሌ ያስተዋለ ሰው ይህን ያገኘዋል። ሳምራዊው የቆሰለውን መንገደኛ የወሰደው ወደ እንግዶች ማደሪያ ነበር፤ ለማደሪያውም ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጠ፥ የጎደለም ቢኖር በተመለሰ ጊዜ ሊከፍል ተስፋ ሰጠ። ገንዘቡ በዚያ ምሳሌ ውስጥ የምሕረት መሣሪያ ሆነ እንጂ የምሕረት ጠላት አልሆነም። ያለ ክፍያ በአጠገቡ ያለፉት ሁለቱ ግን ምንም አላደረጉለትም።

የኖሩበትን ቤት ለእንግዳ ማደሪያ ማድረግም ለዓለም አዲስ አይደለም። በእስጳንያ መንግሥት የመጀመሪያውን የመንገደኞች ሆቴል በ1928 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከከፈተ በኋላ፥ የቆዩ ግንቦችንና ገዳማትን እየጠገነ ሆቴል አደረጋቸው። በሕንድ በኡዳይፑር ከተማ በሐይቅ መካከል የተሠራው የመሳፍንት ቤተ መንግሥት በ1963 ሆቴል ሆነ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የባለርስቶቹ ልጆች ግብሩንና የአገልጋዩን ደመወዝ መቻል ስላቃታቸው ብዙ ታላላቅ የገጠር ቤቶች ፈረሱ፤ ከተረፉትም ከፊሎቹ የተረፉት ሆቴል በመሆናቸው ነው። በኢትዮጵያም በመቀሌ ደጃዝማች አብርሃ አርአያ ያሠሩት የድንጋይ ግንብ በኋላ ዘመን ሆቴል ሆኖ እንግዳ ሲያሳድር ኖሯል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግን ለእምድብር በግማሽ ብቻ ይስማማል። ግንብና ቤተ መንግሥት አስቀድሞም ለጥቂቶች የተሠራ ነው። መስፍኑ የተኛበትን ክፍል ዛሬ ነጋዴ በገንዘቡ ቢተኛበት፥ ተዘግቶ የነበረ በር ተከፈተ ይባላል። የጉራጌ ቤት ነገር ግን በተቃራኒው ነው። ቀድሞ ለሁሉ ክፍት ነበረ፤ ሆቴል ሲሆን ገንዘብ ለሌለው ሰው ሊዘጋ ነው። ያ ቤት በሩን ሲያገኝ ይህ ቤት በሩን የሚያጣ ከሆነ፥ ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም።

ይልቁንስ የሚቀርቡት ምሳሌዎች በሐረርና በዶርዜ ያሉት ናቸው። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሐረር ጁገል ውስጥ፥ እንደ ሰው ማዕረግ ከፍና ዝቅ ተደርገው በተሠሩ መደቦች የታወቁት የሐረሪ ቤቶች አሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ባለቤቶቻቸው እየኖሩባቸው መንገደኛ ያሳድራሉ። እንግዳው የሚቀመጠው ቤተሰቡ በሚቀመጥበት መደብ ላይ ነው፤ ቍርሱን የምታቀርበውም የቤቱ እመቤት ናት። በዶርዜ ተራራም ከቀርከሃ የሚታጠፈው ረጅም ቤት እንዲሁ እንግዳ ይቀበላል። የዶርዜ ቤት እግሩን ምስጥ በበላው ቍጥር ቁመቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ሊያዛውሩትም ይችላሉ። በእነዚህ ስፍራዎች ባለቤት ከቤቱ አልወጣም፥ ጎረቤትም ከሥራው አልተለየም፤ ስለዚህ ገንዘቡ ቤቱን አግዞታል እንጂ አልበላውም።

በከተማ የሚታየው ሌላ ነገር ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አንዳንድ ክትፎ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች በጉራጌ ቤት አምሳል ይሠራሉ። ክቡ ግድግዳ አለ፥ ምሰሶው አለ፥ ጣባው በሥርዓት ይቀርባል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ከአገሩ ርቆ በንግድ የኖረ ሰው የናቱን ቤት መልክ በዓይኑ ፊት ማቆሙ የፍቅር ሥራ ነው። ነገር ግን አንባቢ ያስተውል፤ እዚያ ጀፎረ የለም። በሩ የሚከፈተው ወደ መኪና ማቆሚያ ነው። ምሰሶው ጣሪያውን ላይሸከም ይችላል፤ እሳቱም ክዳኑን ለማድረቅ አይነድም። የቤቱ መልክ ከቤቱ ሥራ ተለይቷል። መልክ ከሥራ ከተለየ ደግሞ ውሎ አድሮ ጌጥ ይሆናል፤ ጌጥም በፋሽን ይመጣል፥ በፋሽን ይሄዳል።

ከዚህ ተነሥቶ አንዳንድ ሰው «እንግዲያስ በአገር ቤት ያለው የሣር ቤት ሁሉ እንዳለ ይቆይ፥ ቆርቆሮ አይግባ» ይላል። ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ በሣር ቤት የማያድር ሰው ነው። ሣር በእሳት ይነዳል፤ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ የግጦሹ መሬት እየጠበበ ሲሄድ የክዳን ሣር በቅርብ አይገኝም፤ ሲከድኑ የነበሩትም ጕልማሶች ወደ ከተማ ወጥተዋል። ጢሱ ለእንጨቱ መድኃኒት ቢሆን ለሽማግሌ ዓይንና ሳንባ ጠላት ነው። እናቱ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለ ጢስ እንድታድር የሚሻ ልጅ በደለኛ አይደለም። ለጎብኝ ዓይን ደስታ ሲባል ድኻ በጢስ ይኑር ማለት ከቸርነት ጋራ የሚስማማ አሳብ አይደለም።

እንግዲህ የወራሹ ጥያቄ በዚህ መካከል ይቆማል። በአዲስ አበባ የሚነግደው ልጅ ለመስቀል ወደ አገሩ ይገባል። ቤቱ ተዘግቶ ከርሟል፤ ክዳኑ ዘምሟል፤ ምሰሶው ግን ገና ጽኑ ነው። ቢያፈርሰው አባቱ የቆመውና ጎረቤት የደከመበት ሥራ ይጠፋል። ዘግቶት ቢሄድ በሚመጣው ክረምት ዝናብ ያፈርሰዋል። ለመንገደኛ ቢከፍተው ደግሞ የአባቱን ምድጃ ሸጠ ተብሎ ይታማል። ሐሜቱ ትክክል ነውን?

ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ ቤቱን አጥሮ ከጀፎረ ቢለየው፥ በበሩ ዘበኛ አቁሞ ጎረቤት ሲሻገር ቢከለክል፥ በእሳቱ አጠገብ የተቀጠረች አሮጊት አስቀምጦ ለማንም የማይበላ ቆጮ ስትጋግር ለፎቶግራፍ ቢያሳይ፥ ያን ጊዜ በእውነት ሸጦታል። የሸጠው ቤቱን ብቻ አይደለም፤ የሰው ኑሮን ለመታያ አድርጓል። የምታደርገውን ለእንግዳ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ለማሳየት ብሎ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ፊተኛው እንግዳን ያስተምራል፥ ኋለኛው ሁለቱንም ያታልላል።

ነገር ግን ሐሜቱ ሐሰት የሚሆንበት ጊዜም አለ። እንግዳው ከሚከፍለው ገንዘብ ክዳኑ የሚታደስ ከሆነ፥ የሚከድኑትም የመንደሩ ሰዎች ሆነው ደመወዛቸውን የሚያገኙ ከሆነ፥ ቀድሞ ያለ ዋጋ የደከመች ሴት አሁን ለድካሟ ዋጋዋን በእጇ የምትቀበል ከሆነ፥ ለመስቀል ልጆቹ ሲመለሱ ቤቱ ለእንግዳ ተዘግቶ ለቤተሰቡ የሚከፈት ከሆነ፥ በሩም እንደ ቀድሞው ወደ ጀፎረ የሚያይ ከሆነ፥ ይህ ቤት አልተሸጠም፤ እንጀራ አገኘ እንጂ። እሳቱ አልጠፋምና ክዳኑ አይበሰብስም።

ከሁሉም ይልቅ ግን አንድ ፈተና ይቀራል፤ እርሱም ገንዘብ የሌለው መንገደኛ ነው። ማታ ዝናብ ያገኘው፥ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው በደጁ ቢቆም ምን ይባላል? የሒሳብ ሰው «ላንዱ በነጻ ከተሰጠ የሚከፍለው ይቀራል» ይል ይሆናል። ይህ ከልምድ ጋራ አይስማማም። ቍርሱን ከፍሎ የበላ እንግዳ ለተራበ ሰው እንጀራ ሲሰጥ ቢያይ ያፍራል ወይም ደስ ይለዋል እንጂ ገንዘቤ ይመለስልኝ አይልም። ደግሞም ሁሉ ቀን ሁሉ ሰው በነጻ ይደር የሚል የለም። ለመሸበት አንድ መደብ፥ ለተጠማ አንድ ዋንጫ ውኃ፥ ለበረደው በእሳቱ አጠገብ አንድ ቦታ ካልተለየ ግን «ቤት ለእንግዳ» የሚለው ቃል በዚያ ደጅ ሊነገር አይገባም፤ በምትኩ «ቤት ለከፋይ» ይባል፥ ቢያንስ እውነት ይሆናል።

ስለዚህ ለጥያቄው መልሱ እንዲህ ነው። ቤት ዋጋ በመቀበሉ ቤትነቱን አያጣም። ቤትነቱን የሚያጣው ካቆሙት ሰዎች በተለየ ጊዜ ነው፤ ይኸውም ጎረቤቱ እንግዳ፥ እንግዳውም ጌታ በሆነበት ጊዜ ነው። የሣሩን ቤት ቆርቆሮ ቢተካው እንኳ፥ በሩ ወደ ጀፎረ እስከ ተከፈተና እሳቱ ለመሸበት ሰው እስከ ነደደ ድረስ የእምድብር ቤት ይባላል። ሣሩ ሁሉ ተጠብቆ በሩ ከተዘጋ ግን የቀረው ክዳን ብቻ ነው።

ወራሹም ምሰሶውን ሲያይ ይህን ያስብ። ያን ምሰሶ ያቆሙት አባቱ ብቻቸውን አይደሉም፤ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ እጆች አንሥተውታል። ቤቱን ሆቴል ለማድረግ የቤተሰቡ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በደንብ ለማድረግ ግን የእነዚያ እጆች ልጆችም ሊጠየቁ ይገባል። የሥራው ተካፋዮች ከሆኑ የትርፉም ተካፋዮች ይሁኑ። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ፥ ከሩቅ አገር የመጣው መንገደኛ በገንዘቡ ገዛሁት ብሎ ከሚያስበው መኝታ በላይ ያገኛል፤ ሰው ለሰው እንዴት ምሰሶ እንደሚያነሣ አይቶ ይሄዳል።